የሸረሪት ዝርያን መለየት

የሸረሪት ዝርያን መለየት ማለት አንድ የማይታወቅ ሸረሪት ከተመዘገቡት ዝርያዎች የትኛው እንደሆነ፣ ይህ ካልተቻለም የየትኛው ወገን ወይም የየትኛው አስተኔ አባል እንደሆነ በማስረጃ መወሰን ነው። በሥነ ሕይወት አመዳደብ ተቀራራቢ ዝርያዎች በአንድ ወገን፣ ተቀራራቢ ወገኖች ደግሞ በአንድ አስተኔ ይጠቃለላሉ። ሥራው የሙዚየምና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብቻ አይደለም፤ በብዙ አገሮች ሸረሪትን በትርፍ ጊዜያቸው የሚከታተሉ ሰዎች አንዱ ያነሳውን ፎቶ ወይም የያዘውን ናሙና ሌሎቹ እየተመለከቱ፣ እየተከራከሩና እየተራረሙ ስሙን ይፈልጋሉ። ፎቶ አይቶ ስም መጥራት ቀላል ነው። ስሙ በየትኛው ምልክት እንደተደገፈ ማሳየት ግን ብዙ ጊዜ ይከብዳል፤ አንዳንዴም ከፎቶው ጨርሶ አይቻልም። (በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ይከብዳል?

በስዊዘርላንድ በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚዘጋጀው የዓለም የሸረሪቶች ካታሎግ በ2022 50,000ኛውን ዝርያ መዝግቧል፤ እሱም ጉሪዩሪየስ ሚኑዋኖ የተባለ የደቡብ አሜሪካ ዘላይ ሸረሪት ነው። የስያሜው መነሻ በ1757 የታተመው የስዊድናዊው ካርል ክሌርክ መጽሐፍ ነው። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስያሜ ሕግ ከ1758 በፊት የወጡ ስሞችን አይቀበልም፤ ለክሌርክ የሸረሪት ስሞች ብቻ ግን ልዩ ፈቃድ ሰጥቷል። ክሌርክ ኑሮውን የሚገፋው በስቶክሆልም ከተማ አስተዳደር ተቀጥሮ ነበር። ስለዚህ አማተሮች በዚህ ጥናት ውስጥ እንግዳ ሆነው አያውቁም።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለምን ነው፤ ቀለም ደግሞ በጣም አታላይ ምልክት ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ወንዱና ሴቷ፣ ግልገሉና አዋቂው፣ ቆዳውን ገና የቀየረውና የቆየው ልዩ ልዩ መልክ ሊኖራቸው ይችላል። በተቃራኒው ፈጽሞ የማይዛመዱ ሸረሪቶች ሁሉም «ቡናማና ጸጉራም» ሆነው ይገኛሉ። ተመራማሪዎች በብዙ አስተኔዎች ዝርያን በእርግጠኝነት የሚወስኑት የመራቢያ አካልን በማይክሮስኮፕ አይተው ነው። በወንዱ በኩል የሚታየው የፔዲፓልፕ ጫፍ ነው። ፔዲፓልፕ የሚባሉት ከአፍ አጠገብ ያሉ ሁለት አጫጭር እግር መሰል አካሎች ሲሆኑ፣ በአዋቂ ወንድ ላይ ጫፋቸው የቦክስ ጓንት እንዳጠለቀ እጅ ያብጣል። በሴቷ በኩል የሚታየው ደግሞ ከሆዷ ሥር የሚገኘው ኤፒጋይን የተባለ ጠንካራ ክፍል ነው። ግልገሎች ሁለቱም ስለሌሏቸው ልምድ ያለው ሰውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከወገን አልፎ ሊሄድ አይችልም።

ከፎቶ ላይ የሚታዩ ምልክቶች

ቀዳሚው ጥያቄ እንስሳው ሸረሪት ነው ወይ የሚለው ነው። የሸረሪት አካል ሁለት ክፍል ነው፤ ራስና ደረት የተዋሃዱበት የፊት ክፍልና ሆድ በቀጭን ወገብ ይገናኛሉ። አካላቸው አንድ ወጥ ድቡልቡል መስሎ እግራቸው እንደ ክር የቀጠነ ኦፒሊዮኖች፣ እንዲሁም በደረቅ ቆላ ሲሮጡ የሚታዩት «የግመል ሸረሪት» የተባሉት ሶሊፉጎች ስምንት እግር ይኑራቸው እንጂ ሸረሪቶች አይደሉም።

ቀጥሎ ዓይን ይታያል። አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዓይን አላቸው፤ የዓይኖቹ አደራደር ከየትኛውም የቀለም ጌጥ በላይ ያስረዳል። ፊት ለፊት እንደ መኪና መብራት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች የተደቀኑበት ሸረሪት የዘላይ ሸረሪቶች አስተኔ የሆነው የሳልቲሲዴ አባል ነው፤ ለዚህ ውሳኔ አንድ ጥርት ያለ የፊት ፎቶ ይበቃል። ተኩላ ሸረሪቶች (ሊኮሲዴ) ከታች አራት ትንንሽ፣ ከዚያ በላይ ሁለት ትልልቅ፣ ከኋላ ሁለት መካከለኛ ዓይኖች አሏቸው። ማታ ግንባር ላይ የታሰረ ባትሪ ሲበራባቸው ዓይናቸው ከሣር ውስጥ ያብረቀርቃል። ሴቷ የእንቁላል ከረጢቷን ከሆዷ ጫፍ ካለው የድር ማውጫ ጋር አያይዛ ትጎትታለች፤ ሲፈለፈሉም ግልገሎቿን በጀርባዋ ትሸከማለች። ተኩላ ሸረሪትን የሚመስሉት ፒሳውሪዴዎች ግን ከረጢቱን በመንጋጋቸው ይዘው ከደረታቸው ሥር ይሸከማሉ። እናቲቱ ከነከረጢቷ ፎቶ ከተነሳች ክርክሩ አለቀ ማለት ነው።

ድርም እንደ አካል ሁሉ ምልክት ነው። በቤት ጥግ በተዝረከረከ ድር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሲነኩት በረጃጅም ቀጫጭን እግሮቹ መላ አካሉን በፍጥነት የሚያርገበግበው ሸረሪት ከፎልሲዴ አስተኔ መሆኑ በዚህ ጠባዩ ይታወቃል። ቡናማዋ መበለት ሸረሪት፣ ማለትም ላትሮዴክተስ ጂኦሜትሪከስ፣ ከራሷ ይልቅ በእንቁላል ከረጢቷ ትለያለች፤ ከረጢቱ ዙሪያውን ትንንሽ እሾህ የበቀለበት ኳስ ይመስላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ቃል በቃል የሚሠራላቸው ሸረሪቶችም አሉ፦ አብዛኞቹ ሸረሪቶች ብቸኞች ቢሆኑም ስቴጎዲፈስ በተባለው ወገን ውስጥ ያሉ አንዳንድ የአፍሪካ ዝርያዎች በቁጥቋጦ ላይ አንድ ትልቅ የጋራ ጎጆ ሠርተው በማኅበር ያድናሉ።

ጥያቄው እንዴት ይቀርባል?

አንድ ፎቶ አይበቃም። ከላይ፣ ከፊትና ከተቻለ ከሆድ በኩል መነሳት አለበት፤ ለሆዱ ፎቶ ሸረሪቱን በብርጭቆ ከድኖ ከሥሩ ወረቀት ማንሸራተትና በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ሲወጣ ማንሳት ይቻላል። ለመጠን ማነጻጸሪያ ሳንቲም ወይም ማስመሪያ ይቀመጣል። በእጅ መያዝ አያስፈልግም። በጫማ የተጨፈለቀ ሸረሪት ደግሞ ለማንም አይጠቅምም፤ ሞቶ የተገኘ ግን 70 በመቶ ገደማ በሆነ አልኮል ውስጥ ከገባ ለዓመታት ሊጠና ይችላል።

ጠያቂዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ቦታውን ነው። «ቤቴ ውስጥ» የሚለው መልስ አገሩን፣ ከተማውንና የቦታውን ከፍታ አይናገርም፤ ከእነዚህ ውጪ ግን ከሺህ የሚቆጠሩ አማራጮችን ወደ ጥቂቶች ማጥበብ አይቻልም። ቀኑና የተገኘበት ስፍራ (ግድግዳ፣ ድንጋይ ሥር፣ አበባ ላይ፣ ወንዝ ዳር) በዚያው ይጻፋል።

ስምምነትና ማስረጃ

በዚህ ዓይነቱ የጋራ ሥራ በሰፊው የሚታወቀው አይናቹራሊስት ነው። በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የማስተርስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክት የጀመሩት ነበር። በደንቡ መሠረት አንድ ምልከታ የማኅበረሰቡን ስም የሚያገኘው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሐሳብ ሰጥተው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙ ነው። ደንቡ ለቢራቢሮና ለወፍ በአብዛኛው ጥሩ ይሠራል። በሸረሪት ላይ ግን ግልጽ ገደብ አለው፦ ልዩነቱ በፎቶው ላይ የማይታይ ከሆነ አሥር ሰው ቢስማማም አሥሩም ያዩት ያንኑ ፎቶ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ለዪዎች «ይህ እገሌ ነው» ብለው አያቆሙም፤ በየትኛው ምልክት እንደወሰኑና የትኛውን ተመሳሳይ ዝርያ ለምን እንዳስወገዱ ይጽፋሉ። «ከወገን በታች ከዚህ ፎቶ አይወሰንም» የሚለው መልስ ጠያቂውን ቅር ቢያሰኝም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው።

ከ2017 ጀምሮ አይናቹራሊስት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስም ይጠቁማል። ሞዴሉ የሠለጠነው ሰዎች ባስገቧቸውና በለዩዋቸው ፎቶዎች ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ፎቶ ያላቸውን የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ዝርያዎች በደንብ ሲያውቅ፣ ጥቂት ፎቶ ያለውን ዝርያ ጭራሽ በዝርዝሩ ላይ ላያገኘው ይችላል። ሞዴል የማያውቀውን ስም ሊጠቁም አይችልም፤ ከሚያውቃቸው በጣም የሚመስለውን ይሰጣል። ጀማሪው ጥቆማውን ተቀብሎ ካስገባና ሌላው ሳያጣራ ከተስማማ ስህተቱ ተመልሶ የሥልጠና ዳታ ሊሆን ይችላል። ጥቆማውን የፍለጋ መነሻ አድርጎ መውሰድ ተገቢ ነው፤ እንደ አንድ ድምፅ መቁጠር ግን አይመከርም።

የተሳሳተ ስም መዘዝ

ቡናማዋ ሬክሉስ (ሎክሶሴሌስ ሬክሉሳ) በዩናይትድ ስቴትስ ከነብራስካ እስከ ኦሃዮ፣ በደቡብም እስከ ቴክሳስና ጆርጂያ ባለው ክልል ትኖራለች። ንክሻዋ አንዳንድ ጊዜ ሥጋን የሚያበሰብስ ቁስል ስለሚያስከትል ዝናዋ ከክልሏ አልፎ በመላ አገሪቱ ተሰምቷል። ሰዎች የሚለዩዋት በጀርባዋ ባለው የቫዮሊን ቅርጽ ነው፤ ነገር ግን በፍርሃት የሚያይ ዓይን በማንኛውም ቡናማ ሸረሪት ላይ ቫዮሊን ያገኛል። የተሻለው ምልክት ዓይኗ ነው፤ ስምንት ሳይሆን ስድስት ሲሆኑ በሦስት ጥንድ ተደርድረዋል።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ ተመራማሪ ሪክ ቬተር «ሬክሉስ ነው የምትሉትን ሸረሪት ላኩልኝ፤ እለይላችኋለሁ» ብሎ ለሕዝቡ ጥሪ አቀረበ። በ2005 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ49 ክፍለ አገሮች 1,773 እንስሳት ደረሱት፤ ከመካከላቸውም የሚታወቁ 158 የሸረሪት ዝርያዎች ሲገኙ፣ ኦፒሊዮኖችና ሶሊፉጎችም ነበሩባቸው። ከዝርያው ክልል ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ውጪ ካሉት 29 ክፍለ አገሮች ከ25ቱ አንድም የሬክሉስ ወገን ሸረሪት አልመጣም። በተቃራኒው በ2001 በካንሳስ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት በስድስት ወር 2,055 ቡናማ ሬክሉሶች ተሰብስበዋል፤ ከቤተሰቡ የተነከሰ ሰው ግን አልነበረም።

ይህ ለሐኪም ቤት ትርጉም አለው። ቁስሉ «የሸረሪት ንክሻ» ከተባለ እውነተኛው መንስኤ፣ ለምሳሌ በአንቲባዮቲክ መታከም ያለበት የባክቴሪያ ኢንፌክሽን፣ ሳይፈለግ ሊቀር ይችላል። በ2001 በዩናይትድ ስቴትስ በፖስታ በተሰራጨው የአባ ሰንጋ (አንትራክስ) ጥቃት ወቅት በኒው ዮርክ የታመመ የ7 ወር ሕፃን ቁስል መጀመሪያ የቡናማ ሬክሉስ ንክሻ ተደርጎ ታስቦ ነበር። ኒው ዮርክ ከሸረሪቷ ክልል ውጪ ነው። ሸረሪቱ ካልተያዘና ካልተለየ ቁስልን ብቻ አይቶ የሸረሪት ስም መጥራት አይቻልም፤ የከፋ ቁስል ያለበት ሰውም መሄድ ያለበት ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ሸረሪት ወዳጆች አይደለም።

የአማተሮች አስተዋጽኦ

በብሪታንያ በ1987 የተጀመረው የሸረሪት ምዝገባ ፕሮግራም በአብዛኛው የቆመው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ የሰበሰቡት መረጃ በ2002 የአገሪቱን ሸረሪቶች ሥርጭት የሚያሳይ አትላስ ሆኖ ታትሟል። በአውስትራሊያ ደግሞ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ያነሳችውን የአንድ ትንሽ ዘላይ ሸረሪት ፎቶ ለሌሎች አፍቃሪዎች ስታጋራ፣ የሸረሪት ተመራማሪው ጆሴፍ ሹበርት እንግዳ ነገር መሆኑን አስተዋለ። ናሙናዎቹም ተልከውለት በ2021 ማራተስ ኒሞ ብሎ ሰየመው፤ ብርቱካናማ ፊቱ ላይ ያሉት ነጭ መስመሮች የታወቀውን የካርቱን ዓሣ ያስታውሳሉ። ፎቶው ጥርጣሬን ጫረ፤ ስሙን ያስገኘው ግን በማይክሮስኮፕ የታየው ናሙና ነው።

በአፍሪካና በኢትዮጵያ

በደቡብ አፍሪካ በ1997 የተጀመረው ብሔራዊ የሸረሪቶችና የዘመዶቻቸው ቅኝት ከሙዚየም ናሙናዎች ጎን ለጎን ከሕዝብ የሚመጡ ፎቶዎችንም ይጠቀማል። በኢትዮጵያ ጥናቱ ቀደም ብሎ ቢጀመርም በውጭ ሰዎች እጅ ነበር፤ ጣሊያናዊው ፒየትሮ ፓቬሲ በ1883 ስለ ሸዋ ሸረሪቶች ጽፏል። እንደዚህ ያሉ የድሮ መግለጫዎች ፎቶ የላቸውም፤ ብዙዎቹም በላቲን ወይም በጣሊያንኛ የተጻፉ ናቸው። የተመሠረቱባቸው ናሙናዎችም የሚገኙት በአውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ ነው። በአማርኛም «ሸረሪት» የሚለው አንድ ስም ዘላዩንም፣ ድር ሠሪውንም፣ ሯጩንም ይሸፍናል።

ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ በአስተኔ ወይም በወገን ደረጃ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ ምልከታ ቦታው፣ ቀኑና ከፍታው በትክክል እስከተጻፈ ድረስ ዋጋ አለው፤ ወገኑን የሚያጠና ሰው አዋቂ ናሙና አግኝቶ ከድሮው ጋር ሲያነጻጽር ምዝገባው ወደ ዝርያ ደረጃ ሊወርድ ይችላል።