«ፖምፓውን ትንሽ ክፈትልኝ»፦ የናፍታ ሞተር ጉልበት ከየት ይመጣል?

ኤረር ላይ ቀትር ነው እንበል። ጭነቱን ያሰረ አይሱዙ ኤንፒአር ካቢናው ተገልብጦ ቆሟል። ሾፌሩ ላቡን እየጠረገ ለመካኒኩ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «መኪናው አይስብም፣ ፖምፓውን ትንሽ ክፈትልኝ።»

ይሄ ጥያቄ ከድሬዳዋ እስከ ጅግጅጋ በየጋራዡ ይሰማል። መካኒኩ እሺ ካለ ሥራው ብዙ አይፈጅም። የፖምፓው ማኅተም ይቆረጣል፣ የነዳጅ መጠን የሚወስነው ብሎን ይዞራል፣ በቃ። መኪናውም እውነትም ይስባል! ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ጣጣው የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ዳገት መሃል ነው። አንድ ሞተር ወርዶ ማሳደስ ደግሞ ዛሬ የቤተሰብ ጥሪት የሚጨርስ ወጪ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ከአየር እንጀምር። 1 ኪሎ ናፍታ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.5 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። በተግባር ግን ናፍታውና አየሩ በቅጽበት እኩል ስለማይቀላቀሉ፣ ሞተሩ ሳያጨስ እንዲሠራ 18 ኪሎና ከዚያ በላይ አየር ያስፈልገዋል። ፖምፓ ሲከፈት የሚጨምረው ናፍታው ብቻ ነው፤ አየሩ ያው ነው። ትርፉ ናፍታ በማርሚታ በኩል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛ የምናየው ግን በብር የተገዛ ናፍታ ሳይሠራ ሲወጣ ነው።

አሁን ወደ ኤረር እንመለስ። ከተማዋ ከባህር ጠለል 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደጋ የሚባል ከፍታ አይደለም። ግን ሙቀቱስ? አየር ሲሞቅ ይሳሳል። በ38 ዲግሪ ቀን ኤረር ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር፣ ባህር ዳርቻ ላይ በ15 ዲግሪ ከሚስበው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስሌቱን ስንሠራው ለሞተሩ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ እንደመሥራት ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ ሆኖ «መኪናዬ ደከመ» የሚል ሾፌር ላይሳሳት ይችላል። የደከመው ግን ፖምፓው አይደለም፣ አየሩ ነው። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ደግሞ የባሰ ነው። በእኛ እምነት በዚህ አካባቢ ጉልበት ለመጨመር የመጀመሪያው ሥራ ፊልትሮ መቀየር ነው። አሰልቺ ምክር ነው፣ እናውቃለን።

ቱርቦ የተፈጠረውም ለዚሁ ችግር ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ውጭ የሚወጣው ጭስ አንድ ጎማ ያሽከረክራል፣ እሱ ሌላውን ያሽከረክራል፣ ሁለተኛው አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ያስገባል። አየሩ ሲጨመቅ ስለሚሞቅ ደግሞ ኢንተርኩለር ያቀዘቅዘዋል። አይሱዙ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ 4ኤችኤፍ1 የሚባለው ሞተር 4.3 ሊትር ሲሆን ቱርቦ የለውም፣ 4ኤችጂ1-ቲ ደግሞ 4.6 ሊትር ባለ ቱርቦ ነው። «ታዲያ ከሌላ መኪና የተነቀለ ቱርቦ ብገጥምበትስ?» ይቻላል፣ ግን ብሎን ማሰር ብቻ አይደለም። ቱርቦው በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ስለሚሽከረከር ንጹህ ዘይት የሚመጣበትና የሚመለስበት መስመር ይፈልጋል። ፒስተኑና የቴስታታው ጓርኒሲዮንም ለዚያ ግፊት የተሠሩ ላይሆኑ ይችላሉ። የግድ ከሆነ ግፊቱን ከግማሽ ባር አለማሳለፍ ይሻላል ባይ ነን።

ሲኖትራክን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። 336ም ሆነ 371 የፈረስ ጉልበት ያለው ሃዎ፣ ሞተሩ ደብሊውዲ615 ሆኖ መጠኑ ያው 9.7 ሊትር ነው። በአንድ መጠን ሁለት ጉልበት ማውጣት እንደሚቻል ፋብሪካው ራሱ አሳይቷል። ግን ናፍታውና አየሩ አብረው ተሰልተው ነው እንጂ በአንድ ብሎን አይደለም።

አሁን ዋናው አደጋ፦ ሙቀት። ፒስተን የሚሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ንጹህ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። አየር ያነሰው፣ ናፍታ የበዛበት ሞተር ረጅም ዳገት ላይ የጭሱ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ዘይቱና ውሃው እያቀዘቀዙት ካልሆነ ፒስተኑ አይተርፍም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በደንገጎ በኩል ስትወጡ ሞተሩ ሳያርፍ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራል። ሜዳ ላይ ሲፈተሽ «አሪፍ ሆኗል» የተባለ መኪና እዚያ ነው የሚጋለጠው። መጀመሪያ የፒስተኑ ጫፍ ይበላል፣ ወይ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ዳሽቦርድ ላይ ያለው ጌጅ የሚያሳየው የውሃውን ሙቀት ስለሆነ ሾፌሩ ሲያውቅ ዘግይቷል። ፖምፓ የነካ ሰው ከቱርቦው በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ ማስገጠም አለበት። ይሄን ለማስገጠም ፈቃደኛ ካልሆናችሁ ፖምፓውን አትንኩት።

ሞተሩ በእውነት ካረጀስ? ያኔ መፍትሔው ማውረድ ነው። ግን ከማውረድ በፊት የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለኩ። ከቁጥሩ በላይ ልዩነቱን ተመልከቱ፦ ሦስቱ ተቀራራቢ ሆነው አንዱ በጣም ከወረደ ችግሩ ያለው እዚያው ነው፣ ምናልባት ቫልቮ ብቻ ነው። ሁሉም እኩል ከወረዱና ሰማያዊ ጭስ ካለ ፋሻውና ሲሊንደሩ አልቀዋል ማለት ነው።

ከወረደ በኋላ ሥራውን የሚወስነው ቶርኖ ቤቱ ነው። ክራንክሻፍቱ ሲጠረብ በ0.25 ሚሊ ሜትር ደረጃ ይቀነሳል፣ ብሮንዙም በዚያው ልክ የወፈረ መሆን አለበት። እዚህ ላይ «ይሄም ይሆናል» ብሎ ነገር የለም። አንድ ፀጉር እንኳን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፣ በብሮንዙና በክራንክሻፍቱ መካከል የሚፈቀደው ክፍተትም በዚያው መጠን ነው። ቴስታታው ጠፍጣፋ መሆኑ ይለካል። ብሎኖቹ በፋብሪካው ቅደም ተከተል፣ በቶርክ መፍቻ ይጠብቃሉ። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ፣ እጁን አክብሩና መፍቻውን ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት። ኢንጀክተሮቹም በመሞከሪያ ማሽን ይታዩ። የሚረጭ ሳይሆን የሚያንጠባጥብ አንድ ኖዝል ብቻውን አዲስ ፒስተን ያቃጥላል።

ናፍታውም ጉዳይ ነው። በጀሪካን የተገዛ ናፍታ ውስጥ ውሃና አሸዋ አይጠፋም። ከላምባ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የማለስለስ አቅሙ ይቀንሳል፣ ፖምፓው የሚለሰልሰው ግን በዋናነት በራሱ በናፍታው ነው። ውሃ መለያ ያለው ፊልትሮ ማስገጠምና ጠዋት ጠዋት ማፍሰስ ከማንኛውም «ማሻሻያ» በላይ ይከፍላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። አይሱዙ «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም የወጣላቸው በሕዝቡ ቀልድ ብቻ አይደለም። ፍጥነት ከ60 ወደ 80 ሲያድግ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት በ1.8 እጥፍ ገደማ ይጨምራል፣ የፍሬኑ ሸራ ግን ያው ነው። 8 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬንና ሞተር የሚውጡት ሙቀት 18 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ እስከመጨረሻው ያተናል። ስለዚህ ሞተር ላይ ጉልበት የጨመረ ሰው ፍሬኑን ሳያሳድስ ከደንገጎ መውረድ የለበትም። ሲወርድም በወጣበት ማርሽ ይውረድ።

የታደሰ ሞተር ይዛችሁ ስትወጡ የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር በግማሽ ጭነት ሂዱ። ባዶውን ቆሞ ለሰዓታት ማስነሳት ግን አይጠቅምም፣ ሲሊንደሩ ይለሰልስና ፋሻው ሳይገጥም ይቀራል። ዘይቱን ቀድማችሁ ቀይሩ። ቱርቦ ካለው ደግሞ ከዳገት እንደወጣችሁ ቁልፉን ወዲያው አታጥፉ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። ረዳቱ ጎማ እስኪያይ ድረስ ይበቃል።