በእሳት ፊት የተጠራ ስም

በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የስም ጥሪን ያውቃል። ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ተቈጣጣሪው መዝገቡን ይዞ ከበሩ ላይ ይቆማል፤ ስም ይጠራል፤ ተማሪውም «አቤት» ይላል። እኛም በተማሪነታችን ጊዜ ይህን ሥርዐት እንደ ከንቱ ልማድ እንቈጥረው ነበር፤ ሾልኮ ለወጣ ጓደኛችንም ድምፃችንን ለውጠን «አቤት» ያልንበት ሌሊት እንደ ነበረ አንሸሽግም። ተቈጣጣሪው በመዝገቡ ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል፤ እኛም ብርድ ልብሳችንን ተከናንበን እንስቅ ነበር።

ይህን ነገር እንደ ገና እንድናስበው ያደረገን ፍሎረንስ ኮንቨርስ የተባሉ አሜሪካዊት ጸሓፊ በ1915 ያሳተሙት የዌልስሊ ኰሌጅ ታሪክ ነው። በዚያ መጽሐፍ የተተረከው የአንድ ሌሊት ቃጠሎ ብዙ ጊዜ ስላመላለሰን፣ ለአንባብያን በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ የኛ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ዌልስሊ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ ከቦስተን ከተማ በስተ ምዕራብ የሚገኝ የሴቶች ኰሌጅ ነው። የመሠረቱትም ሄንሪ ዱራንት የተባሉ የሕግ ጠበቃና ባለቤታቸው ፓውሊን ናቸው። ልጃቸው በሕፃንነቱ ስለ ሞተባቸው፣ ለወራሽ ይተዉት የነበረውን ርስትና ገንዘብ ለሴቶች ልጆች ትምህርት አዋሉት። ኰሌጁ በ1875 በሩን ሲከፍት 314 ተማሪዎችን ተቀበለ። በዚያን ጊዜ ኰሌጁ ማለት አንድ ሕንፃ ማለት ነበር። ስሙም ኰሌጅ ሆል ይባል ነበር።

ኰሌጅ ሆል በዋባን ሐይቅ አጠገብ ከኰረብታ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ርዝመቱ 475 ጫማ፣ ማለትም ወደ 145 ሜትር ይደርስ ነበር። የተማሪዎቹ ማደሪያ፣ የመማሪያ ክፍሎች፣ ቤተ ሙከራዎችና የአስተዳደሩ ቢሮዎች በአንድ ጣራ ሥር ይገኙ ነበር። በኋላ ሌሎች ቤቶች ቢጨመሩም የኰሌጁ ልብ ይኸው ሕንፃ ሆኖ ቀረ። እንግዳ ሁሉ ይልቁንም የሚያደንቀው መካከሉን ነበር። ከምድሩ ደርብ አንሥቶ እስከ ጣራው ድረስ ክፍት ሆኖ፣ የየደርቡ መተላለፊያ ወደዚያ የሚመለከት፣ ብርሃንም ከላይ የሚወርድበት ነበረ፤ ከሥሩ ዘንባባና ልዩ ልዩ አትክልት አጊጦበታል። ለዓይን እንዲህ ደስ የሚያሰኘው ክፍት ቦታ በእሳት ጊዜ እንደ ትልቅ የጭስ ማውጫ ሆኖ ነበልባሉን ወደ ላይ የሚስብ መሆኑ የታየው ግን ሕንፃው ከተከፈተ ወደ 39 ዓመት ግድም ሲሆነው ነው።

ዕለቱ ማርች 17 ቀን 1914 ነበር። ይኸውም በኛ አቈጣጠር መጋቢት 8 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ካረፉ ሦስት ወር አልፎ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ግድም፣ በአራተኛው ደርብ ያደሩ ሁለት ተማሪዎች የሚንጣጣ ነገር ሰምተው ነቁ። ከበራቸው በላይ ባለችው መስኮት የሚገባው ብርሃን የንጋት ብርሃን አልነበረም። ወጥተው ቢመለከቱ እሳቱ ከእንስሳት ጥናት ቤተ ሙከራው ወገን ተነሥቷል። ከምን እንደ ተነሣ በእርግጥ ሳይታወቅ ቀርቷል።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። ዕድሜያቸው ሃያ ግድም የሆነ ሁለት ልጆች ከእንቅልፋቸው ነቅተው እሳት አዩ። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣበት አሳብ ነፍሱን ይዞ መሸሽ ነው፤ ሁለተኛውም መጮኽ ነው። እነዚህ ግን ያደረጉት የተማሩትን ነበር። ለኀላፊዎቹ ነገሩ፤ ደወሉም ተደወለ። በኰሌጁ ውስጥ ስለ እሳት አደጋ የሚደረግ ልምምድ ነበረና፣ ተማሪዎቹ በቡድን ተከፍለው በየቡድኑም ከራሳቸው መካከል አለቃ ተሾሞላቸው ነበር። ያ ልምምድ በሌላ ቀን በተደረገ ጊዜ ስንቷ እንዳዛጋች፣ ስንቷም እንዳጕረመረመች መገመት አያዳግትም፤ እኛ ብንሆን ከሚያጕረመርሙት ወገን እንደምንሆን የታወቀ ነው።

በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያደሩት፣ ተማሪዎችና መምህራን ሠራተኞችም ጭምር፣ ከ200 በላይ ነበሩ። በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርትና ጋቢ ቢጤ ደርበው በደረጃው ወረዱ። ነገር ግን በቀጥታ ወደ ውጭ አልሮጡም። እንደ ልምምዱ በምድሩ ደርብ፣ በዚያው በዘንባባዎቹ አጠገብ ተሰለፉ። ከበላያቸው እሳቱ እየጐላ፣ ፍንጣሪውም በክፍቱ ቦታ ቍልቍል እየወረደ ሳለ የቡድኖቹ አለቆች ስም ይጠሩ ጀመር።

የዚህ ታሪክ ዋናው ነገር ለኛ ይህ ነው። የሚቃጠል ቤት ውስጥ ቆሞ ስምን መጥራት፣ ስምም ተጠርቶ «አቤት» ማለት ምን ያህል ጭካኔ የሚጠይቅ ነው! በሩ እዚያው ነው፤ ከበሩ ውጭ ሕይወት አለ፤ ነገር ግን የጓደኛሽ ስም ከስምሽ በኋላ የሚጠራ ስለ ሆነ ትቆሚያለሽ። የጥሪው ጥቅም በተመለሱት ስሞች ሳይሆን ባልተመለሱት ነው። በዚያም ሌሊት ሳይመለሱ የቀሩ ስሞች ነበሩ። ቡድናቸው ያልሞላላቸው አለቆች ወደ ላይ ተመልሰው ጓደኞቻቸውን ይፈልጉ ዘንድ ፈቃድ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ወጣቶቹ ሴቶች እሳት ወዳለበት ደረጃውን እንደ ገና ወጡ።

እዚህ ላይ የኛ የድሮው ቀልድ ከፊታችን መጣብን። ከነዚያ ተማሪዎች አንዲቱ ለቀረች ጓደኛዋ ድምፅዋን ለውጣ «አቤት» ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ያችን ልጅ ፍለጋ ማንም ወደ ላይ አይመለስም ነበር።

ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ወደ 10 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ሕንፃው ከሰው ባዶ ሆነ። አንዲት ነፍስ አልጠፋችም። የሚነድደው እንጨት በመካከሉ መውደቅ የጀመረው ወዲያው ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላም ከኰሌጅ ሆል የቀረው የጠቈረ ግድግዳ ብቻ ነበር።

እሳት ሁሉ ግን እንዲህ አይፈጸምም። በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ኬንየን በሚባለው ኰሌጅ፣ «አሮጌው ኬንየን» የተባለ ማደሪያ ነበር። መሠረቱ በ1827 የተጣለ ሲሆን፣ ግድግዳው እጅግ ወፍራም ድንጋይ ስለ ሆነ ምሽግ ይመስል ነበር፤ ውስጡ ግን እንጨት ነው። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1949፣ ተማሪዎቹ ጭፈራ አምሽተው በተኙበት ሌሊት እሳት ተነሥቶ 9 ተማሪዎች ሞቱ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲም በ1906 ማኅበርተኞች ይኖሩበት በነበረ አንድ ቤት ቃጠሎ 4 ተማሪዎችና ለማጥፋት የመጡ 3 በጎ ፈቃደኞች ሲሞቱ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1967 በሌላ ማደሪያ 8 ተማሪዎችና አንድ መምህር አልቀዋል። ልዩነቱ በስም ጥሪ ብቻ ነው ብለን አንናገርም፤ እሳቱ የተነሣበት ቦታ፣ የደረጃው አሠራር፣ ጭሱም ለየብቻቸው ምክንያት አላቸው። ሁሉም የተነሡት ግን ሰው በከባድ እንቅልፍ ባለበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሰው የሚያደርገው አስቦ ያገኘውን ሳይሆን ቀድሞ የለመደውን ነው።

ወደ ዌልስሊ እንመለስ። የዳኑት ተማሪዎች ከሌሎቹ ማደሪያዎች ከመጡት ጋራ ሆነው ከሚቃጠለው ሕንፃ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ረዥም ሰልፍ ሠሩ። ቤተ መጻሕፍቱ ለብቻው የተሠራ ስለ ነበር ከእሳቱ ርቋል። ከታችኛው ደርብ ሊወጣ የተቻለውን መጽሐፍና ሥዕል፣ ሌላውንም ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አሻገሩ።

ያልወጣው ግን ብዙ ነው። የእንስሳት ጥናት ክፍሉ ያከማቸው ስብስብ ሁሉ ጠፋ። መምህራኑም መጻሕፍታቸውን፣ የትምህርታቸውን ማስታወሻና በብዙ ዓመት ድካም ያዘጋጁትን የምርምር ጽሑፍ በአንድ ሌሊት አጡ። ወረቀት በመጠበቅ እንጀራችንን የምንበላ ሰዎች ይህን ስናነብ ልባችን ከሌላው ሰው ይልቅ ይነካል። ቤት በገንዘብ ይሠራል፤ አንድ መምህር ሃያ ዓመት ሙሉ እየተመለከተ በእጁ የጻፈውን ግን ማን መልሶ ይሠራዋል? ሁለተኛ ቅጂ በሌለበት ዘመን የዕውቀት ሰው ሀብቱ ሁሉ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ነበረ።

በዚያው ዕለት ጧት፣ ፍርስራሹ ገና እየጤሰ ሳለ፣ የኰሌጁ ፕሬዚዳንት ወይዘሪት ኤለን ፔንድልተን ተማሪዎቹንና መምህራኑን በጸሎት ቤቱ ሰበሰቡ። ወይዘሪት ፔንድልተን ሒሳብ ተማሪና አስተማሪ የነበሩ፣ ከዚያው ኰሌጅ ተመርቀው ፕሬዚዳንት ለመሆን የመጀመሪያይቱ ናቸው፤ ከተሾሙም ገና ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። ንግግራቸው አጭር ነበር። የዕረፍቱ ጊዜ ከዚያች ቀን እንዲጀምር፣ ትምህርቱ ግን አስቀድሞ በተወሰነለት ቀን፣ በኤፕሪል 7፣ እንዲቀጥል አስታወቁ። የመማሪያ ክፍል የለም፤ ቢሮ የለም፤ ቀኑ ግን አልተለወጠም። ልብሳቸው የተቃጠለባቸው ልጆች ከጓደኞቻቸው በተዋሱት ልብስ ወደየቤታቸው ሄዱ።

በቀጠሮው ቀን ሲመለሱ ከእንጨት በጥድፊያ የቆመ ረዥም ቤት ተቀበላቸው። ተማሪዎቹም አይተው ሳይውሉ ሳያድሩ «የዶሮ ቤት» ብለው ሰየሙት፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ። ለጊዜው ተብሎ የተሠራው ያ ቤት ለብዙ ዓመታት ማገልገሉን ስናነብ ፈገግ አልን፤ «ለጊዜው» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው በገንዘብ ይነገራል። 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰበሰብ ታሰበ። የሮክፌለር ድርጅት ቀሪው እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1915 ድረስ ከተገኘ 750,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። የቀድሞ ተማሪዎች በየከተማው እየዞሩ ለመኑ፤ ገንዘቡም በቀኑ ሞላ። በአሮጌው ሕንፃ ስፍራ «ታወር ኮርት» የተባለ ማደሪያ በ1915 ተሠራ፤ ሌሎቹም የትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ ተከተሉ። ዳግመኛ ግን ማደሪያውን፣ ቤተ ሙከራውንና ቢሮውን በአንድ ጣራ ሥር አላደረጓቸውም።

ከኰሌጅ ሆል የተረፉ ጥቂት ዓምዶች እስከ ዛሬ በታወር ኮርት አጠገብ ቆመዋል። ጣራም ግድግዳም አልተሠራላቸውም፤ ወደ ማደሪያቸው የሚመለሱ ተማሪዎች በአጠገባቸው ያልፋሉ።