ከቤተ ልሔም እስከ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ

በጋይንት የሚገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው። የድጓ ተማሪ በሌላ ጉባኤ ቢማርም መምህርነቱ የሚጸናው በዚያ ሲያስመሰክር ነው። ይሁን እንጂ ማሕሌቱ የወንዶች አገልግሎት ከመሆኑም በላይ፣ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ራሱ ለወንድ ልጅ የተበጀ ነበር። ተማሪው ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ፣ እየለመነ ከደብር ደብር ይዞር ነበር። ሴት ልጅ ይህን ጉዞ ብቻዋን እንድትጓዝ ባህሉ አይፈቅድም። በጎጃም የቅኔ መምህርት ለመሆን የበቁት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባታቸው ተምረዋል፤ ጉባኤው በቤታቸው ስለ ነበረ መንገዱ አላገዳቸውም።

ዘመናዊው ትምህርትም ይህንኑ ልዩነት ይዞ ተነሣ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት እስከ 1924 ዓ.ም. ዘገየ። በ1945 ዓ.ም. የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሲቋቋም የሴቶቹ ትምህርት ቤት ዕድሜ ገና 21 ዓመት ነበር፤ ከዚህም ውስጥ የጠላት ወረራ 5 ዓመት ወስዶበታል።

በኋላ ዘመን ለሴቶች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ መደረጉ በሩን ከፍቷል፤ መንገዱን ግን አላቃናም። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው በኮሌጁ በር የደረሱትን ብቻ ሳይሆን፣ በታችኛው ክፍል ከሒሳብና ከፊዚክስ የራቁትንም መቍጠር ይገባዋል። መምህሩም ጥያቄውን ለሴት ልጅ እኩል ሲያቀርብ መንገዱ ከዚያ ይጀምራል።