ከኪኒን የወጣው ሰማያዊ ብርሃን

አማርኛ የሚዋጥ መድኃኒትን ሁሉ «ኪኒን» ይለዋል። ስሙ የመጣው ከአንድ መድኃኒት፣ ከኩዊኒን ነው። ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት የሚወጣው ይህ መራራ ነገር ለዘመናት የወባ መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ከፈዋሽነቱ ሌላ ግን ብዙ ያልተነገረለት ታሪክ አለው።

በ1845 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጆን ኸርሼል አንድ ነገር አስተዋለ። ኩዊኒን የተሟሟበት ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን በሚገባበት በኩል ግን ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

መልሱ በ1852 መጣ። በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ስቶክስ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በታተነና የኩዊኒኑን ብልቃጥ በየቀለማቱ ውስጥ አሳለፈ። ሐምራዊውን አልፎ ዓይን ምንም ወደማያይበት ጨለማ ሲገባ ብልቃጡ በሰማያዊ ብርሃን በራ። የማይታይ ጨረር ገብቶ የሚታይ ብርሃን ወጣ። ስቶክስ ክስተቱን «ፍሎረሰንስ» አለው።

ውስጣዊ አሠራሩ የተብራራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሞለኪውሉ ጨረር ሲውጥ ኤሌክትሮኑ ወደ ከፍተኛ የኃይል ደረጃ ይወጣል። እዚያ የሚቆየው በሰከንድ ቢሊዮንኛ ለሚቆጠር ጊዜ ብቻ ነው። ከዋጠው ኃይል ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ የቀረው ብርሃን ሆኖ ይወጣል። የሚወጣው ብርሃን ከገባው የሚለየው ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

በ1942 ጃፓን ጃቫን ያዘች። የዓለም ኩዊኒን አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነበርና በፓሲፊክ የሚዋጉት የአሜሪካ ወታደሮች ለወባ ተጋለጡ። ምትኩ አታብሪን የሚባል በፋብሪካ የሚሠራ መድኃኒት ነበር። ሆድ ያውካል፣ ቆዳን ቢጫ ያደርጋል፤ «ወንድነት ያሳጣል» የሚል ወሬም ተነዛበት። ብዙ ወታደር አልውጥም አለ።

ነገር ግን አታብሪንም እንደ ኩዊኒን ያበራል። በኒውዮርኩ ጎልድዋተር ሆስፒታል በጄምስ ሻነን ሥር የሚሠሩት በርናርድ ብሮዲና ሲድኒ ኡደንፍሬንድ ይህን ብርሃን እየለኩ በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ማወቅ ቻሉ። ችግሩ ያኔ ታየ። አብዛኛው መድኃኒት ከደም ወጥቶ በሰውነት ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ መጀመሪያ በርከት አድርጎ፣ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት መስጠት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ አልተቀየረም፤ ልኩ ነው የታወቀው።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1955፣ ሮበርት ቦውማን በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ይህን ብርሃን በየቀለሙ እየለየ የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ ይፋ አደረገ።

ስቶክስ ብልቃጡን ሲያንቀሳቅስ የሚፈልገው የብርሃንን ጠባይ ማወቅ እንጂ ወታደር ማዳን አልነበረም። ጥቅሙ በጦር ሜዳ የታየው ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። «ይህ ምርምር ለዛሬ ምን ይፈይዳል?» ብሎ በጀት የሚቆርጥ ባለሥልጣን በ1852 ቢኖር ኖሮ፣ መጀመሪያ የሚሰርዘው ያንን ብልቃጥ ነበር።