አሉቶ ተራራ (አፈሩና ዕፀዋቱ)

አሉቶ ከባቱ ከተማ በስተደቡብ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,335 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነው።

አፈሩ

የአሉቶ አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድ፣ ከፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና ከባልጩት ስብርባሪ የተገኘ ነው። ስለ ፍንዳታዎቹ ዘመን የሊቃውንት ቃል አንድ አይደለም። የተራራው አናት የተደረመሰበት ታላቅ ፍንዳታ ከ300,000 ዓመታት በፊት ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል፤ የመጨረሻውን ፍንዳታ ግን ቀደም ያሉት ተመራማሪዎች ወደ 2,000 ዓመት ሲያርቁት፣ በኋላ የተደረገው የካርቦን ልኬት ወደ 400 ዓመት አቅርቦታል። ይህ ክርክር ለዕፀዋት ነገር ከንቱ አይደለም፤ የኋለኛው ልኬት የታመነ ከሆነ፣ በአንዳንዱ ተዳፋት ላይ ሣር የያዘው ስስ አፈር ሁሉ መጠራቀም የጀመረው ምናልባት ከዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ወዲህ ነውና።

ዕፀዋቱ

በታችኛው ተዳፋት ግራር ይበዛል። ነገር ግን ከሰል ማክሰልና ልቅ ግጦሽ አመናምነውታል።

የእንፋሎት ኃይል ሥራ

ከ1981 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. በተራራው ላይ ለእንፋሎት ኃይል 8 ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ተገኘ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያም 7.3 ሜጋ ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ የማመንጨት ዐቅም ያለው ጣቢያ ተተከለ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌሎች ጉድጓዶች ተጨምረዋል። ጉድጓድ ሁሉ መንገድና የተደለደለ ሜዳ ይሻል፤ ፑሚስ ያለበት አፈርም እርስ በርሱ የማይያያዝ በመሆኑ፣ የሣሩ ሥር በተነቀለበትና የመንገዱ ጎርፍ በተሰበሰበበት ስፍራ ፈጥኖ ቦረቦር ይሆናል።

ንጽጽር

የዚህ ጉዳት ቅርብ አምሳያ በአልፕስ ተራሮች የሚሠራው የበረዶ ሸርተቴ ሜዳ ነው። በዚያ ተዳፋቱ በማሽን ሲደለደል የላይኛው አፈር ከነዘሩ ይጠረጋል፤ የተጠቀጠቀው በረዶ ሙቀት የመጠበቅ ኃይሉ ስለሚደክም ከሥሩ ያለው መሬት ይቀዘቅዛል፤ ሰው ሠራሹ በረዶም ዘግይቶ እየቀለጠ የዕፀዋቱን የማደጊያ ወራት ያሳጥራል። ከዛፍ ወሰን በላይ የተራቆተው ተዳፋት ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኋላም የቀድሞ ልብሱን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። አሉቶ በረዶ ባይኖረውም፣ አፈሩ ተጠርጎ ሥሩ ከተነቀለ በኋላ የሚሆነው ነገር አንድ ነው።

ጥበቃው

ከቁፋሮ አስቀድሞ የላይኛውን አፈር ለብቻው ማኖርና ሥራው ሲፈጸም ወደ ስፍራው መመለስ፣ የመንገዱን ውኃ በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ ማውረድ፣ የአገሩን ሣርና ግራር መዝራት ይገባል። የጣቢያው ብርሃን ለአገር በጎ ነው፤ ነገር ግን እሳትና ዘመን አብረው የሠሩት አፈር ለአንድ ቀን የማሽን ሥራ ሲባል ሊባክን አይገባውም።