ማጅራት ገትር፦ የአንጎል ሽፋኖችና የሐጅ ክትባት

ኮልፌ ቀራኒዮ በሚለው የክፍለ ከተማችን ስም ውስጥ ያለው «ቀራኒዮ» መነሻው ግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙም ራስ ቅል ነው። ከራስ ቅል ሥር አንጎልን፣ በአከርካሪ ውስጥ ደግሞ ህብለ ሰረሰርን የሚጠብቁ ሦስት ሽፋኖች አሉ። ማጅራት ገትር የእነዚህ ሽፋኖች መቆጣት ነው።

ሦስቱ ሽፋኖች

ውጫዊው ወፍራምና ጠንካራ ነው። መካከለኛው እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ በመሆኑ በዐረብኛ በ«ዐንከቡት» (ሸረሪት) ይጠራል። ውስጠኛው ከአንጎል ጋር የተጣበቀ ነው። በመካከለኛውና በውስጠኛው መካከል አንጎልን ከግጭት የሚጠብቅ ንጹሕ ፈሳሽ አለ።

የዐረብኛ ሕክምና መጻሕፍት ሽፋኑን «የአንጎል እናት» ይሉታል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የዐሊ ኢብኑል ዐባስ አል-መጁሲ መጽሐፍ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎም ስሙም አብሮ ተሻገረ። ሐኪሞች ዛሬም ውጫዊውን «ዱራ ማተር»፣ ማለትም ጠንካራዋ እናት፣ ይሉታል።

ምልክቶቹ

ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስና ብርሃን መጥላት ይታያሉ፤ አገጭን ደረት ላይ ማስነካትም ያስቸግራል። ጨቅላ ሕፃን ግን ማጅራቱ ላይገተር ይችላል፤ ጡት እምቢ ካለ ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ አትጠብቁ። በባክቴሪያ የሚመጣው በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሕመምተኛው ሲቃዥ «ጂን ነው» ብሎ ቤት ማቆየት አደገኛ ነው፤ ሩቅያ ወደ ሆስፒታል መሄድን አያስቀርም።

ለምርመራ ከወገብ ፈሳሽ ሲወሰድ «ልጄ ሽባ ይሆናል» ብለው እምቢ የሚሉ ወላጆች አሉ። ህብለ ሰረሰር ግን የሚያበቃው ከወገብ ላይኛው ክፍል ነው፤ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው።

ወረርሽኝና ሐጅ

ኢትዮጵያ ከሴኔጋል በሚጀምረው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ናት። በ1987 (እ.ኤ.አ.) በሐጅ ወቅት በመካ ወረርሽኝ ተነሳ፤ ያው የ«ኤ» ዝርያ በ1988 እና 1989 ሱዳንንና አገራችንን መታ። ሳዑዲ ዐረቢያም ክትባትን ግዴታ አደረገች። በ2000 «ደብልዩ» የተባለው ዝርያ በሑጃጆች መካከል ከተነሳ በኋላ ደግሞ አራት ዝርያዎችን የሚከላከለው ክትባት ተተካ።

በአገራችን ከ2013 እስከ 2015 በዘመቻ የተሰጠው ክትባት የሚከላከለው «ኤ»ን ብቻ ነው። ስለዚህ «ያኔ ተከትቤያለሁ» የሚል የሐጅና የዑምራ ተጓዥ ባለ አራቱን ክትባት፣ ሳዑዲ ከመድረሱ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መውሰድ አለበት። አላህ ይጠብቀን።