የቮልቻንስክ ትራም እና የ«ሳይቤሪያ እርግማን» ክርክር

ፊዮና ሂል እና ክሊፎርድ ጋዲ በ2003 በብሩኪንግስ ተቋም በኩል ያሳተሙት «የሳይቤሪያ እርግማን» ስለ ሩሲያ ቀዝቃዛ ከተሞች በሚነሣ ክርክር ውስጥ ስሙ ሳይጠቀስ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የመጽሐፉ መከራከሪያ ባጭሩ ይህ ነው። የሶቪየት ዕቅድ አውጪዎች በነፃ ገበያ ቢሆን ሰው በብዛት በማይሰፍርበት ብርድና ርቀት ውስጥ ሕዝብ አሰፈሩ፤ ከተሞቹ ዛሬም የአገሪቱን ሀብት ይበላሉ፤ ስለዚህ ነዋሪው ወደ ሞቃታማው የአውሮፓ ሩሲያ እንዲሸጋገር መንገዱ ሊከፈትለት ይገባል። እኔ በዚህ መጣጥፍ የምሞግተው መደምደሚያውን ሳይሆን ወደ መደምደሚያው ያደረሰውን መለኪያ ነው። ለሙግቴ የመረጥኩት ማስረጃ የከተማ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙም የማይመለከቱት ነው፤ ከኡራል ተራሮች ምሥራቅ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የከሰል ከተማ ውስጥ የተዘረጋ የትራም ሐዲድ። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስቲቨን ኮትኪን በ1995 ስለ ማግኒቶጎርስክ የጻፈው ሥራ አንድ ፋብሪካ ከተማን እንዴት እንደወለደ አሳይቷል፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ዊልያም ታውብማን በ1973 የሶቪየት ከተሞችን ያስተዳድሩ የነበሩት በወረቀት ላይ ያሉት ምክር ቤቶች ሳይሆኑ ብዙውን ጊዜ የኢንዱስትሪ ድርጅቶች መሆናቸውን አስረድቷል፤ እሱንም እቀበላለሁ።

ሂል እና ጋዲ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የመጽሐፋቸው ምሰሶ «ነፍስ ወከፍ ሙቀት» የሚሉት መለኪያ ነው። የእያንዳንዱ አካባቢ የጥር ወር አማካይ ሙቀት በነዋሪው ቁጥር ይመዘናል፤ ከዚያ አገሪቱ በአማካይ ምን ያህል እንደምትበርድ ይሰላል። በዚህ ስሌት የሩሲያ ሕዝብ በሶቪየት ዘመን ወደ ብርድ ሲሄድ የካናዳ ሕዝብ ወደ ሙቀት ሄዷል። ስሌቱ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ የሚያየውና የማያየው ነገር ላይ ነው። ቴርሞሜትር ብርዱን ይነግረናል፤ ከነዋሪው እግር ሥር ምን ዓይነት ነዳጅ እንዳለ አይነግረንም። በብርድ አገር ቤት ማሞቅና ሰው ማጓጓዝ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን በቴርሞሜትሩ ብቻ ሳይሆን ነዳጁ ከስንት ኪሎ ሜትር እንደሚመጣም ይወሰናል። በከሰል ክምችት ላይ የተቀመጠች ከተማና ነዳጇን ከሩቅ የምታስጭን ከተማ በዚህ መለኪያ እኩል ይበርዳሉ።

ሁለተኛው ግድፈት ከዚህ ይከተላል። ከተማው ስህተት ነው ከተባለ በውስጡ ያለው ሁሉ፣ ቤቱም ሐዲዱም ጣቢያውም፣ የስህተቱ አካል ተደርጎ ይቆጠራል። የከተማውን መመሥረት መመርመርና ከተመሠረተ በኋላ ነዋሪው ኑሮውን ለማቃናት የወሰዳቸውን ውሳኔዎች መመርመር ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሦስተኛው፣ ሙግቱ ትላልቅ ከተሞች ላይ ያተኩራል፤ መለኪያው በሕዝብ ብዛት ስለሚመዘን አሥር ሺህ ሰው ያላት ከተማ ሚዛኑን አታንቀሳቅሰውም። ለታሪክ ጸሐፊ ግን የውሳኔዎች አመክንዮ በጉልህ የሚታየው እንዲህ ባሉ ትንንሽ ቦታዎች ነው።

ቮልቻንስክ በስቬርድሎቭስክ ክልል ሰሜናዊ ክፍል፣ ከካርፒንስክ እና ከክራስኖቱሪንስክ አጠገብ ትገኛለች። አካባቢው ከአብዮቱ በፊት በወርቅና በመዳብ ይታወቅ ነበር። የጂኦሎጂው ሊቅ አሌክሳንደር ካርፒንስኪ በ1847፣ የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ አሌክሳንደር ፖፖቭ በ1859 የተወለዱት ዛሬ ክራስኖቱሪንስክ በምትባለው የማዕድን መንደር ነው። የከሰሉ ዘመን በትልቁ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1941 መጨረሻ አብዛኛው የዶንባስ የከሰል አካባቢ በጀርመን ጦር እጅ ሲወድቅ የኡራል ከሰል የሞት ሽረት ጉዳይ ሆነ። ክራስኖቱሪንስክ ላይ የተገነባው የቦጎስሎቭስክ አሉሚኒየም ፋብሪካ የመጀመሪያውን አሉሚኒየም ያቀለጠው ግንቦት 9 ቀን 1945 ነው። ፋብሪካው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይጠይቅ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ከአካባቢው የከሰል ጉድጓዶች ይመጣ ነበር። ቮልቻንስክ የከተማነት ደረጃ ያገኘችው በ1956 ሲሆን ትራሟ ግን ከዚያ ቀድሞ ታኅሣሥ 31 ቀን 1951 ሥራ ጀምሯል። ይህ ቅደም ተከተል ራሱ ይናገራል፤ ትራሙ ለከተማነት ክብር የተዘረጋ ጌጥ አልነበረም።

ከተማዋ በደን የተለያዩ ሁለት ሰፈሮች አሏት፤ ቮልቻንካ እና ሌስናያ ቮልቻንካ። ትራሙ ሁለቱን ያገናኛል፤ መስመሩ በጥቅሉ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ረጅሙ ክፍል ቤት በሌለበት ጫካ መሐል ያልፋል። ይህንን ካርታ የሚያይ የውጭ ተመልካች «ጫካ ውስጥ ትራም ምን ይሠራል?» ማለቱ አይቀርም። የኔ መልስ የሚጀምረው ከከሰሉ ዓይነት ነው።

የአካባቢው ከሰል ቡናማ ከሰል ነው። እርጥበቱ ብዙ፣ በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ከጥቁር ከሰል ያነሰ ስለሆነ ሩቅ አገር ማጓጓዝ አያዋጣም። የሚያዋጣው እዚያው ባለ የኃይል ማመንጫ አቃጥሎ ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ነው። ስለዚህ በ1951 በዚህ አካባቢ በጣም ቅርብ የነበረው የጉልበት ምንጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ቤንዚን ግን ከሩቅ በባቡር የሚመጣ፣ ጦርነቱ ካደረሰው ጉዳት ገና ያላገገመ ኢኮኖሚ የሚሻማበት ዕቃ ነበር። ትራም ማለት ከጉድጓዱ የወጣው ከሰል ሠራተኛውን ወደ ጉድጓዱ መልሶ እንዲወስድ ማድረግ ነው። የሙያው ዕውቀትም ከደጅ ነበር። በኡራል ትላልቅ ክፍት ጉድጓዶች ከሰልና አፈር ይጓጓዝ የነበረው በኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ ሐዲድ የሚያነጥፍ፣ ሽቦ የሚዘረጋ፣ የኃይል ማከፋፈያ የሚጠብቅ ሠራተኛ አስቀድሞ ሠልጥኗል። ለትራሙ አዲስ ሙያ ከመፍጠር ይልቅ ያለውን ሙያ ወደ ከተማው መዘርጋት በቂ ነበር። የሐዲዱም ስፋት በዘመኑ እንደነበረው ዋና ባቡር 1524 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሐዲዱም መለዋወጫውም ከአንድ መጋዘን ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

አማራጩ አውቶቡስ ምን ይመስል ነበር? በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሶቪየት ትንንሽ ከተሞች የተለመደው፣ በጋዝ-51 የጭነት መኪና ቻሲስ ላይ የተሠራው አነስተኛ አውቶቡስ 19 መቀመጫ ነበረው። አንድ የከሰል ፈረቃ በአንድ ሰዓት የሚወጣና የሚገባ ብዙ መቶ ሰው ነው። ከዚያ ደግሞ ብርዱ አለ። የጥር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች ከ15 ዲግሪ በሚወርድበት፣ ከ30 ዲግሪ በታችም እንግዳ ባልሆነበት ሥፍራ የቤንዚን ሞተር ሌሊቱን ውጭ አድሮ ጠዋት እንዲነሣ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ ጣጣ የለበትም። በኡስት-ካታቭ ፋብሪካ ከ1947 ጀምሮ የተሠራው ኬቴኤም-1 የተባለው ትራም ተጎታች እየሳበ የሚሄድ፣ ቀላል፣ በትንሽ ወርክሾፕ የሚጠገን መኪና ነበር። እዚህ ላይ አስገራሚ ነገር አለ። ብርድ የሩሲያ ከተሞች እርግማን መሆኑን ለማሳየት የተጻፈው መጽሐፍ የሚመካበት ያው ብርድ፣ ትራሙን ከአውቶቡስ የተሻለ ምርጫ ያደረገው ምክንያት ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው ካርፒንስክ ነው፦ ያው ከሰል፣ ያው ብርድ፣ ግን በ1940ዎቹ የተከፈተው ትራሟ ከጊዜ በኋላ ተዘጋ። የአንዱ መዘጋት የሌላውን መከፈት ስህተት አያደርገውም። ከዚያም በላይ በክራስኖቱሪንስክ ጥር 18 ቀን 1954 ሌላ ትራም ተከፍቷል፤ በጎረቤት ከተሞች ሦስት ጊዜ የተደገመ ውሳኔ የአንድ ባለሥልጣን ቅዠት ሊባል አይችልም። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ የዚህ አካባቢ ከሰልና አሉሚኒየም የተገነቡት በከፊል በእስረኞችና ከቮልጋ በተጋዙ ጀርመናውያን ጉልበት ነው። ይህ ወንጀል ነው፤ ማቃለልም አይገባም። ሆኖም ጥያቄው ትራሙ ለምን ተመረጠ የሚል እንጂ ሥርዓቱ ጻድቅ ነበር ወይ የሚል አይደለም። ሦስተኛው፣ ከአንዲት ከተማ ስለ አንድ ግዙፍ አገር መደምደም አይቻልም የሚለው ነው። ልክ ነው፤ እኔም መለኪያው ዓይን እንደሌለው ለማሳየት እንጂ በሌላ መለኪያ ለመተካት አልተነሣሁም። አንድ ሕግ መጥበቡን ለማሳየት ግን አንድ ምሳሌ ይበቃል።

ዛሬ የከሰሉ ዘመን አልፏል። የ2010 ሕዝብ ቆጠራ በቮልቻንስክ አሥር ሺህ ያህል ሰው አግኝቷል፤ በሩሲያ ትራም ካላቸው ከተሞች ትንሿ ናት። ኡስት-ካታቭ ወደ 15,000 የሚጠጋ የሠራው፣ በቁጥር ተወዳዳሪ የሌለው ኬቴኤም-5 እዚህም ዘመን ተሻግሮ አገልግሏል። እነ ሂል ይህንን የሟች ከተማ ቅሪት ይሉት ይሆናል። እኔ ግን ሌላ ነገር አያለሁ፦ የዘረጋው የማዕድን ድርጅት ከሥፍራው ሲጠፋ፣ የሁለቱ ሰፈር ነዋሪ አሁንም ወደ ገበያና ወደ ሐኪም የሚሄድበት ሥራ ላይ ያለ መስመር። ታውብማን የገለጸው የድርጅት ከተማ ድርጅቱን ስታጣ ምን ይተርፋታል ለሚለው ጥያቄ ሐዲዱ አንድ መልስ ነው።

የከተማ ታሪክ የምታጠኑ ወገኖች፣ አንድን የማዕድን ከተማ በሙቀት ሰንጠረዥ ከመፍረዳችሁ በፊት የፈረቃውን ሰዓት፣ የኃይል ማከፋፈያውን ቦታና የትራም ዴፖውን የመኪና መዝገብ እዩ። የትራም አፍቃሪዎች ለዓመታት በፍቅር ያጠናቀሯቸው የመስመር ካርታዎችና የመኪና ዝርዝሮች በዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ውስጥ እንደ ምንጭ ሊጠቀሱ ይገባል።